ድርሻ

ማክሰኞ በአሥር ሰዓት መጠለያው ይከፈታል፤
ለሮኬት የቆፈሩት ቤት እንስላል እንስላል ይሸታል።
ሣጥኑ በየስሙ ቆሟል፣ በግድግዳው ጥግ በተራ፤
ሠላሳ አራት ቁጥር የኔ ነው፣ ከላይ ቤቷ ከፋይና ጋራ፤
ግማሹ ለእሷ፣ ግማሹ ለእኔ፣
ሙሉውን ብል ይከብዳል፣ ለኪሴም ለጎኔ።

መጀመሪያ ሳምንት አባቴ ሊያይልኝ አብሮኝ መጣ፤
ከዘራውን በሩ ላይ አስደግፎ አንድ በአንድ አወጣ፦
ቀይ ሥር ከነጭቃው፣ ቆስጣ ከነትሉ፣
ሦስት ብርቱካን፣ ጠባሳ ያለበት አንዱ ከመሀሉ፣
ደግሞም ያን አረንጓዴ ኳስ፣ በየጎኑ ጆሮ ያበቀለ።
«ኮልራቢ ነው» አልኩት። «ምን?» አለ።
ስሙን አላመነውም። አሸተተው። እንደ እንቁላል
ወደ አምፖሉ አነሣው፤ ጫጩት ካለው ብሎ ያስተውላል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማው፣
«መሬቱ የማን ነው?»
«የአቪታል ነው፣ ከሞሻቩ፤ ያቺ ቦቲ የተጫማችው።»
«እኩሉንስ ማን ወሰደው?»

ዝም አልኩት። ጥያቄው ከየት እንደተነሣ አውቃለሁ።

ወገራ ላይ ድርሻ ማለት የሚወሰድ እንጂ የሚሰጥ አልነበረም፤
ባለርስቱ በበቅሎ መጥቶ ከአውድማው ዳር ሲቆም፣
ለእሱ ሲሰፈር ቁናው ተቆልሎ ይፈሳል፣
ለአራሹ ሲሆን ጠርዙ በመዳፍ ይታበሳል።
አባቴ እንዲህ ነው የሚለው፦
«ሰማዩ የእግዜር፣ ምድሩ የጌታው፣ የኛ መሀሉ ነበር።
መሀሉ ደግሞ ነፋስ ነው፤ አይዘራበት፣ አይታጨድ ነገር።»

አስረዳሁት። እዚህ ማንም እኩል እንደማይወስድ፣
ገንዘቡን መስከረም ላይ እንደከፈልን፣ ዘሩ መሬት ሳይወርድ።
«ሳይበቅል?»
«ሳይበቅል።»
«በረዶ ቢመታውስ?»
«በረዶውንም አብረን እንበላለን።»
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎን።

ጥር ላይ ግን መጣ። ቂርያት ጋት ሌሊቱን በሙሉ፣
በመኪኖቹ ጣሪያ ላይ እንደ ባቄላ ሲፈስ ቁልሉ።
ማክሰኞ ሣጥኑ ቀሎ፣ ሦስት ካሮት፣ አንድ ሽንኩርት፣
ወንፊት የሆነ ቆስጣ፣ ከሥሩም አጭር ወረቀት፦
«ሰላጣው አልተረፈም። ይቅርታ።»
ፋይና አነበበችው፣ ትከሻዋን ሰበቀች፤
ቢላ አምጥታ ሦስተኛውን ካሮት ከመሀል ሰነጠቀች።
አባቴ ያቺን ግማሽ ካሮት በመዳፉ ይዞ ቆየ።
«እኛንም መትቶን ነበር፤ አንድ ዛላ አልቀረልን» አለ፤
«ጌታው ግን የአምናውን ቁና ነበር የጠየቀ።»
ሌላ አልጨመረም።
ካሮቷን ሳይልጣት ቆረጠማት።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ቀድሞኝ ኮፍያውን ይደፋል፤
ወሩን የሚቆጥረው በሣጥን ነው፤ «እንጆሪ ሊያልፍ ነው» ይላል፣
«ወሽመላው ቢጫ ይዟል።» ሱፐርማርኬት ልላከው ብል አይሄድም፤
«እዚያ ቲማቲም ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ዓመቱን ሙሉም አይጣፍጥም።»
ኮልራቢውን ፋይና ፈቅፍቃ በእርጎ፣ እሱ ከትፎ በቃርያና በጨው፤
እስከ ዛሬ አልተስማሙም፣ የትኛው ነው ልኩ፣ የትኛው።
እኔ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣ ቆሜ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣
ከሁለቱም ሳህን እበላለሁ፤ ከማን እንደጣፈጠኝ ሳልጠየቅ።

ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ፣ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ታስሮ፣
የሽንብራ እሸት መጣ። ልጄ ሊሮን፣ ሣር መስሎት፣ ሊጥለው ወርውሮ፣
አባቴ እጁን ያዘው።
«እኛ ዘንድ ታኅሣሥ ላይ ነበር» አለ። «ዘገየብኝ።
ሠላሳ ዓመት ከአራት ወር።»

አንዱን እስር መርጦ፣ ከዘራውን ረስቶ፣
ወደ መኪናው ሄደ። አቪታል ባዶ ሣጥን ትጭናለች፣ ላቧ በጀርባዋ ወጥቶ።
ማንም በበቅሎ አልመጣ፤ ማንም አልጠየቀውም።
«ድርሻሽ» አላት፣ በአማርኛ፣
ከገዛ ማሳዋ የበቀለውን፣ በገዛ እጇ ያሰረችውን።
አልገባትም፤ ተቀበለችው። በሩን ተደግፋ
አንዷን ፈለፈለች፣ በላች፣ ሌላዋን ፈለፈለች።

ፋይና ከደረጃው ላይ ሆና፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣
«ቸኮል! ከማን ግማሽ ነው እሱ?»

እሱም በባሰ ዕብራይስጥ፣ ዞር ሳይል፣
«ከመሀሉ» አላት።